አድማጩ ማን ነው? የትኩረትና የትውስታ ንድፈ ሐሳቦች በጁባ የቋንቋ ሁኔታ ሲመዘኑ

አጽሕሮት

ይህ ጽሑፍ የሰው አንጎል የተነገረ ቋንቋን ሲረዳ ትኩረትና ትውስታ ያላቸውን ድርሻ የሚያብራሩ ዐበይት ንድፈ ሐሳቦችን ከጁባ ከተማ የቋንቋ ሁኔታ አንጻር ይመረምራል። መከራከሪያው የሚከተለው ነው፦ ሁለቱም የአእምሮ ኃይሎች ውሱን መሆናቸው አያጠያይቅም፤ ሆኖም ንድፈ ሐሳቦቹ የውስንነቱን መጠን የለኩት በአንድ ቋንቋ፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ጽሕፈት በለመደ አድማጭ ላይ ነው። በጁባ አረብኛ፣ በዲንካና በአማርኛ የድምፅ ሥርዓት ላይ የተመሠረተው ንጽጽር እንደሚያመለክተው «የአቅም ማነስ» ተብሎ የሚመዘገበው ውጤት ብዙ ጊዜ የልምድ አለመገጣጠም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በትምህርት ቤት የማዳመጥ ፈተና ላይ የሚያስከትለው መዘዝ በመጨረሻ ይታያል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. መነሻ

ጁባ አድማጭን የምትፈትን ከተማ ናት። በኮኞ ኮኞ ገበያ ሻጩ ከባልደረባው ጋር በባሪ፣ ከገዢው ጋር በጁባ አረብኛ፣ ከዩጋንዳ ሸቀጥ ካመጣው ነጋዴ ጋር በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ ይነጋገራል። ዲንካና ኑኤር፣ ዛንዴና ሞሩ በአንድ ሰፈር ይሰማሉ፤ ሆቴልና ሱቅ የከፈቱ ኢትዮጵያውያንም አማርኛንና ትግርኛን ጨምረውበታል። የ2011 የሽግግር ሕገ መንግሥት የአገሪቱን ነባር ቋንቋዎች ሁሉ ብሔራዊ ቋንቋ ብሎ ሰይሞ እንግሊዝኛን የሥራና የትምህርት ቋንቋ አድርጓል። የ2012 የጠቅላላ ትምህርት ሕግ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት የአካባቢው ቋንቋ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ይፈቅዳል። በከተማው ውስጥ ብዙዎችን የሚያገናኘው ጁባ አረብኛ ግን በሁለቱም ሰነዶች በስሙ ቦታ አላገኘም።

የሥነ ልሳን ባለሙያዎች ይህን ሁኔታ እስካሁን በአብዛኛው ከተናጋሪው ወገን ሆነው አጥንተውታል። ማን፣ ለማን፣ የት፣ በየትኛው ቋንቋ ይናገራል የሚለው ጥያቄ ከኡሻሪ ማሕሙድ የ1983 ሥራ ጀምሮ በካትሪን ሚለርና በስቴፋኖ ማንፍሬዲ ጥናቶች ውስጥ ሰፊ መልስ አግኝቷል። የአድማጩ ጥያቄ ግን ለሥነ ልቡናና ለነርቭ ሳይንስ ተትቷል። እነዚህ ሁለት ሳይንሶች ደግሞ አድማጩን አጠቃላይ ፍጡር አድርገው ሣሉት። ሥዕሉ በጁባ አድማጭ ላይ ምን ያህል ይሠራል የሚለው መመርመር ይገባዋል።

2. ንድፈ ሐሳቦቹ የሚሉት

የትኩረት ምርምር ዘመናዊ መልኩን የያዘው በ1953 ኮሊን ቼሪ በሁለቱ ጆሮዎች ሁለት የተለያዩ ንግግሮች እያሰማ አድማጮች አንዱን ብቻ ተከትለው እንዲደግሙ ባዘዘበት ሙከራ ነው። አድማጮቹ ባልተከተሉት ጆሮ የተነገረውን ነገር አላወቁም፤ እንግሊዝኛው ወደ ጀርመንኛ ሲለወጥ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ልብ አላሉም። ዶናልድ ብሮድቤንት በ1958 ከዚህና ከመሰል ውጤቶች ተነሥቶ ትኩረት ከትርጉም በፊት የቆመ ማጣሪያ ነው አለ። አን ትሪስማን ግን ማጣሪያው የሚያዳክም እንጂ የሚዘጋ አለመሆኑን አሳየች። በ1964 ባሳተመችው ሥራ ችላ በተባለው ጆሮ የሚሰማው መልእክት የዋናው ትርጉም ሲሆን፣ ሁለቱን ቋንቋዎች ከሚያውቁ አድማጮች መካከል ነገሩን የደረሱበት ነበሩ።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ኒማ መስጋራኒና ኤድዋርድ ቻንግ ለሚጥል በሽታ ሕክምና በአንጎላቸው ላይ ኤሌክትሮድ ከተተከለላቸው ሰዎች የነርቭ ምልክት ቀረጹ። በ2012 ያወጡት ውጤት እንዳመለከተው፣ ሁለት ሰዎች እኩል ሲናገሩ በላይኛው የጊዜያዊ ሉብ እጥፋት ላይ የሚነበበው ምስል አድማጩ ልብ ያለውን ሰው ድምፅ የሚመስል ነው። ትኩረት እንግዲህ ገና በድምፅ ደረጃ ሳለ ሥራውን ይጀምራል።

በትውስታ በኩል ገዢው አስተሳሰብ አላን ባድሊና ግራሃም ሂች በ1974 ያቀረቡት የሥራ ላይ ትውስታ ሞዴል ነው። ባድሊና ባልደረቦቹ በ1975 እንዳሳዩት፣ ሰው ለጥቂት ጊዜ በአእምሮው የሚይዘው የቃላት ብዛት በግምት በ2 ሰከንድ ውስጥ ሊናገረው በሚችለው መጠን ይወሰናል። ሜረዲት ዴኔማንና ፓትሪሺያ ካርፔንተር በ1980 የንባብ ስፋት ፈተናን ሲያዘጋጁ ደግሞ በትውስታ ስፋትና በመረዳት ችሎታ መካከል ጥብቅ ዝምድና አገኙ። ከዚያ ወዲህ «ብዙ የሚይዝ ብዙ ይረዳል» የሚለው እሳቤ የትምህርት ምዘናን ጭምር ዘልቆ ገባ።

ተቃውሞ አልጠፋም። ሜሪኤለን ማክዶናልድና ሞርተን ክሪስቲያንሰን በ2002 የትውስታ ስፋት ፈተና የሚለካው ከቋንቋ ልምድ ተነጥሎ የሚኖር ማኅደር አይደለም ሲሉ ተከራከሩ፤ ስፋትና የቋንቋ ልምድ አንድ ነገር ናቸው ማለታቸው ነበር። ክሪስቲያንሰንና ኒክ ቼተር በ2016 ነገሩን አጠነከሩት፦ ድምፅ ወዲያው ስለሚጠፋ አድማጭ የሰማውን በቅጽበት ሰብስቦ፣ ቋጥሮ፣ ወደ ላይኛው የትርጉም ደረጃ ካላሳለፈው ያጣዋል። የቋጠሮው ዓይነት የሚወሰነው ደግሞ አድማጩ በለመደው ቋንቋ ነው። ጁባ ይህን ክርክር ለመፈተን ከብዙ ቤተ ሙከራዎች የተሻለ ስፍራ ናት።

3. ትኩረት የሚያርፍበት ቦታ

የቼሪም ሆነ የመስጋራኒና የቻንግ ሙከራ የትኩረትን ሥራ ከሁለት ተናጋሪዎች አንዱን እንደ መምረጥ ይቆጥረዋል። በየቋንቋው ውስጥ ግን ሌላ ምርጫ አለ፦ ከአንድ ተናጋሪ ድምፅ ውስጥ ትርጉሙ የተንጠለጠለው በየትኛው ክፍል ላይ ነው? ቋንቋዎች ሸክማቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ይለያያል።

ጁባ አረብኛ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቱርክና ግብፅ አገዛዝ ዘመን በደቡብ ሱዳን በተተከሉ የጦርና የንግድ ሰፈሮች የበቀለ ቋንቋ ነው። ከአረብኛ የወረሳቸው ቃላት የጉሮሮ ድምፆቻቸውን ጥለዋል፤ የግስ እርባታው በግሱ ፊት በሚቆሙ አጫጭር ምዕላዶች ተተክቷል። «አና ሮዋ» ሄድሁ፣ «አና ጊ ሮዋ» እየሄድሁ ነው፣ «አና ቢ ሮዋ» ወደፊት እሄዳለሁ ማለት ነው። ልዩነቱን ሁሉ የተሸከመው አጽንዖት የሌለው፣ በገበያ ጫጫታ በቀላሉ የሚዋጥ አንድ ቀለም ነው።

ከዚህ የሚረቀው የተገብሮ ግስ ነው። «ካቱሉ» የሚለው ቃል አጽንዖቱ በመጀመሪያው ቀለም ላይ ሲያርፍ ገደለ፣ ወደ መጨረሻው ቀለም ሲዛወር ተገደለ የሚል ፍች ይሰጣል። አድራጊና ተደራጊ የሚለዩት ቃሉ ሊያልቅ ሲል በሚሰማ የድምፅ ከፍታ ነው። የካርቱም አረብኛ ተናጋሪ ግን ተገብሮን የሚጠብቀው ከቃሉ ፊት በሚመጣ ቅጥያ ነው። እንግዲህ ከሰሜን የተመለሰና በጁባ የተወለደ ሁለት አድማጮች አንዱን ዜና እኩል ልብ ብለው ቢሰሙ፣ አንዱ የሚጠባበቀው በቃሉ ደጃፍ ላይ፣ ሌላው በጓሮው በኩል ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ ነገሩን ከራሱ ቋንቋ ሊመዝነው ይችላል። «ይመታል» የሚለው ቃል በጽሑፍ አንድ ነው። ላልቶ ሲነገር በትር የሚያነሣውን፣ «መ» እና «ታ» ጠብቀው ሲነገሩ በትር የሚያርፍበትን ያመለክታል። ፊደሉ ጥብቀትን አይጽፍም፤ ጆሮ ግን አይስተውም። የአማርኛ አድማጭ የተነባቢን የቆይታ ርዝመት እንዲከታተል ከልጅነቱ ሠልጥኗል። የዚህ ሰው ጆሮ ጁባ ሲደርስ ቆይታን እየፈለገ አጽንዖትን ሊያሳልፍ ይችላል ብሎ መተንበይ ምክንያታዊ ነው።

በዲንካ ደግሞ ሸክሙ በአንዲት ቀለም ውስጥ ታጭቋል። አብዛኞቹ ሥሮች ባለ አንድ ቀለም ናቸው፤ በብዙ አጋጣሚ ቁጥርና የግስ እርባታ የሚታወቁት በአናባቢው ርዝመት፣ በድምፀት ማለትም በድምፁ ከፍታና ዝቅታ፣ እንዲሁም አናባቢው እስትንፋስ የተቀላቀለበት መሆን አለመሆኑን በመለየት ነው። በርት ሬማይሰንና ሌኦማ ጊሊ በ2008 በሉዋንይጃንግ ቀበልኛ ላይ ባደረጉት ጥናት አጭር፣ ረዥምና እጅግ ረዥም የሆኑ ሦስት የአናባቢ ርዝመቶች ትርጉም እንደሚለዩ አረጋግጠዋል። በዓለም ቋንቋዎች ዘንድ ይህ ብርቅ ነው። የዲንካ አድማጭ ትኩረት በአንድ አናባቢ ውስጥ በርካታ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይመዝናል ማለት ነው።

ቋንቋ ትኩረትን በዚህ መንገድ እንደሚያሠለጥን ከሌላ አካባቢ የተገኘ ማስረጃ አለ። ጃክ ጋንዶርና ባልደረቦቹ በ2000 የታይላንድ፣ የቻይናና የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የታይኛን ድምፀቶች ሲለዩ አንጎላቸውን በምስል አጥንተዋል። ለቋንቋ ሥራ በሚታወቀው የግራው ፊተኛ የአንጎል ክፍል ላይ ጉልህ እንቅስቃሴ የታየው በታይኛ ተናጋሪዎች ነበር። ቻይንኛም የድምፀት ቋንቋ ነው፤ ይሁንና ድምፀት ማወቅ በጠቅላላው በቂ አልሆነም፤ ያንኑ ድምፀት ማወቅ አስፈለገ። የብሮድቤንት ማጣሪያ እንግዲህ በሁሉም ሰው ራስ ውስጥ አንድ ዓይነት ቀዳዳ የለውም።

4. ትውስታ በምን ይሰፈራል?

የ2 ሰከንዱ ገደብ ሁሉን የሚያስማማ መስፈሪያ ይመስላል። ችግሩ በ2 ሰከንድ ውስጥ የሚገባው ነገር ከቋንቋ ቋንቋ መለያየቱ ነው። ሞሼ ናቬ-ቤንያሚንና ቶማስ አየርስ በ1986 እንግሊዝኛን፣ ስፓኒሽን፣ ዕብራይስጥንና አረብኛን አነጻጽረው፣ የቁጥር ስሞቹን ፈጥኖ መናገር የሚቻልበት ቋንቋ ተናጋሪ ብዙ አሐዞችን እንደሚይዝ አሳይተዋል፤ ከአራቱ መጨረሻ ላይ የተገኘው አረብኛ ነው። የጁባ ልጅ በቤት በባሪ፣ በገበያ በአረብኛ፣ በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ሊቆጥር ይችላል። ፈታኙ «ቁጥሮቹን ድገም» ሲለው የሚመዘገበው ስፋት የልጁ ነው ወይስ የቋንቋው? ፈተናው መልስ የለውም፤ ጥያቄውንም አያነሣም።

የዓረፍተ ነገር አወቃቀርም ሌላ ማስረጃ ይሰጣል። በርቀት ላይ የተመሠረቱ ሞዴሎች፣ በተለይም ኤድዋርድ ጊብሰን በ1998 ያቀረበው፣ ሁለት ተዛማጅ ቃላት በተራራቁ ቁጥር የትውስታ ሸክም ይከብዳል ይላሉ። በዚህ ስሌት ግሱን ከመጨረሻ የሚያኖረው አማርኛ ለአድማጩ ጭካኔ ነበር። «መምህሩ ለተማሪዎቹ ትናንት ከገበያ የገዛውን መጽሐፍ አነበበላቸው» ሲባል ባለቤቱ «መምህሩ» የመጨረሻው ቃል እስኪሰማ ድረስ ይቆያል። ሆኖም አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ሲደክም አይታይም። «ለተማሪዎቹ» የሚለው ቃል ገና ሲሰማ የሚመጣው ግስ ምን ዓይነት እንደሚሆን ይጠቁማል፤ «አነበበላቸው» ሲደርስ ደግሞ «-ላቸው» የተባለው ቅጥያ ቀድሞ የተቀመጠውን ተቀባይ መልሶ ይጠራዋል። የዘገየው ግስ የሚመጣው ተጠብቆ ነው። ላርስ ኮኒየችኒ በ2000 በጀርመንኛ፣ ሽራቫን ቫሲሽትና ሪቻርድ ሉዊስ በ2006 በሂንዲ ላይ ባደረጓቸው ጥናቶች በግሱና በተሳቢዎቹ መካከል የገባ ተጨማሪ ነገር ግሱ ላይ ሲደረስ ንባብን የሚያፋጥንበት ሁኔታ መኖሩን አሳይተዋል። ትውስታ የሚያስቀምጥ ብቻ ሳይሆን የሚጠብቅ ኃይልም መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

መጠበቅ ደግሞ ሊያሳስት ይችላል፤ ጁባ ውስጥ ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። «ቢ» የሚለው ምዕላድ በካርቱም አረብኛ የአሁኑን ወይም የተለመደውን ድርጊት ያመለክታል፤ በጁባ አረብኛ በዋናነት የወደፊቱን ነው። «ኡመን ቢ ጃ» የሚለውን ጁባዊው «ወደፊት ይመጣሉ» ብሎ ሲሰማው፣ በካርቱም አረብኛ ያደገው «መምጣት ልማዳቸው ነው» ብሎ ሊወስደው ይችላል። ሁለቱም ልብ ብለው ሰምተዋል፤ ሁለቱም የሰሙትን ቃል በቃል መድገም ይችላሉ። ትኩረትም ትውስታም ሳይጎድል መረዳት ጎደለ። የትውስታ ስፋት ፈተና ይህን ስሕተት ሊያየው አይችልም፤ ሁለቱም አድማጮች ሙሉ ነጥብ ያገኙበታል። ስለ ጸጥታና ስለ ሰው እንቅስቃሴ በሬድዮ በሚነገርበት ከተማ «እየመጡ ነው»፣ «ይመጣሉ» እና «መምጣት ልማዳቸው ነው» የሚሉት ሦስት ፍቺዎች ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎችን ያስከትላሉ።

5. ከቃል በላይ ያለ ትውስታ

ንድፈ ሐሳቦቹን ለመተቸት ተብሎ የሠሩት መልካም ነገር መዘንጋት የለበትም። ጆን ብራንስፎርድና ማርሻ ጆንሰን በ1972 እንዳሳዩት፣ ቃላቱ ሁሉ የታወቁ ሆነው ርእሱ ያልተነገረለት ምንባብ አይገባም፤ አይታወስምም። ርእሱ አስቀድሞ ሲነገር መረዳቱም ትውስታውም ያድጋል፤ ከተሰማ በኋላ ቢነገር ግን አይጠቅምም። የረጅም ጊዜ ትውስታ የአሁኑን ማዳመጥ እንደሚመራ ከዚህ የጠራ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ጁባም የዚህ ምሳሌ አላት። በግንቦት 2012 የደቡብ ሱዳን የቴአትር ቡድን የሼክስፒርን «ሲምበሊን» በጁባ አረብኛ በለንደኑ ግሎብ ቴአትር አቀረበ። መድረኩ 37 ተውኔቶች በ37 ቋንቋዎች የታዩበት ፌስቲቫል ነበር። ለተመልካቹ በስክሪን ይቀርብ የነበረው የየትዕይንቱ አጭር ማጠቃለያ እንጂ የቃላቱ ትርጉም አልነበረም። ከታዳሚው መካከል ታሪኩን የሚያውቅና ቋንቋውን የማያውቅ ነበረ፤ ቋንቋውን የሚያውቅና ታሪኩ አዲስ የሆነበትም ነበረ። የመጀመሪያው ከትውስታ ወደ ድምፅ፣ ሁለተኛው ከድምፅ ወደ ትውስታ ተጉዘው አንድ ትዕይንት ላይ ተገናኙ። አብረው ቢስቁና አብረው ቢተክዙ እንኳ የተረዱበት መንገድ አንድ አይደለም። የትኛው ተመልካች «ቋንቋውን አዳምጦ ተረዳ» ይባላል የሚለውን ለመመለስ ስለ ተውኔቱ ይዘት የሚቀርብ ጥያቄ ብቻውን በቂ አይሆንም።

6. የማዳመጥ ፈተናና የሚያስከትለው ፍርድ

እስካሁን የተባለው ሁሉ በትምህርት ምዘና ላይ ያርፋል። አር ቲ አይ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሥራ ላይ ውሏል፤ በኢትዮጵያም በ2010 አማርኛን ጨምሮ በበርካታ ቋንቋዎች ተሰጥቷል። በምዘናው ውስጥ አዳምጦ የመረዳት ክፍል አለ፦ ፈታኙ አጭር ታሪክ አንድ ጊዜ ብቻ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ልጁም ጥቂት ጥያቄዎችን ይመልሳል። የክፍሉ ዓላማ ቅን ነው። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ችግሩ ፊደል ይሁን ቋንቋ ለመለየት ይረዳል።

ይሁንና በዚህች አጭር ፈተና ውስጥ ሦስት የተለያዩ ችሎታዎች ተቀላቅለዋል። ልጁ ታሪኩ ሲነበብ ልብ ማለት አለበት፤ እስከ ጥያቄው ድረስ ይዞ መቆየት አለበት፤ የታሪኩን ቋንቋ በተነበበበት ቀበልኛ ማወቅ አለበት። ውጤቱ አንድ ቁጥር ነው። እንደ ጁባ ባለ ከተማ ውስጥ ቁጥሩ ዝቅ ቢል መምህሩ «ልጁ አያዳምጥም» ወይም «ልጁ አይዝም» ማለት ይቀናዋል፤ የቋንቋው አለመገጣጠም በልጁ ጠባይ ወይም አእምሮ ላይ ይለጠፋል። እንደዚህ የተፈረደበት ልጅ ፍርዱን ለመቃወም ቃላት የሉትም።

የመረጃ መሠረቱ ራሱ ጠባብ መሆኑ ችግሩን ያብሰዋል። ክሪስቶፍ ኩፔና ባልደረቦቹ በ2019 የሰው ልጅ ንግግር በቋንቋዎች ሁሉ በሰከንድ ወደ 39 ቢት ገደማ መረጃ ያስተላልፋል ሲሉ የደረሱበት ድምዳሜ ሰፊ ዝና አግኝቷል። ጥናቱ 17 ቋንቋዎችን መረመረ፤ ከመካከላቸው ግን ካታላንና ባስክ ሲገኙ አንድም የአፍሪካ ቋንቋ አልነበረም። በአንድ ቀለም ውስጥ ብዙ ሰዋስው የሚያጭቀው ዲንካና ያንኑ በአጫጭር ምዕላዶች የሚዘረዝረው ጁባ አረብኛ በአንድ ከተማ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ሰው አፍ ይነገራሉ። ድምዳሜውን ለመፈተን ከእነርሱ የተሻለ ጥንድ ማግኘት ቀላል አይደለም።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንደኛ፣ ፈተናው ከእንግሊዝኛ ከመተርጎም ይልቅ የየቋንቋው ሸክም ካረፈበት ቦታ ይነሣ፤ ለጁባ አረብኛ «ጊ» እና «ቢ»ን እንዲሁም የመጨረሻ ቀለም አጽንዖትን፣ ለዲንካ የአናባቢ ርዝመትንና ድምፀትን፣ ለአማርኛ ጥብቀትን የሚለዩ ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች በሥዕል ምርጫ ይቅረቡ። ሥዕል መጠቆም የቃል ትውስታን ሸክም ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር ጸጥታ ባለበትና የገበያ ድምፅ በተቀላቀለበት ሁኔታ ይሰማ፤ የሁለቱ ልዩነት የትኩረትን ድርሻ ያሳያል። ሦስተኛ፣ በጁባ ያደጉና በካርቱም አረብኛ ያደጉ አድማጮች ጎን ለጎን ይፈተኑ። «ቢ» ላይ ከተለያዩና በሌላው ሁሉ ከተመሳሰሉ ልዩነቱ የልምድ ነው፤ በሁሉም ላይ እኩል ከወረዱ ስለ አቅም መናገር ይቻላል። አራተኛ፣ ልጁ መልሱን በፈለገው ቋንቋ ይስጥ። መረዳትን እየለኩ የመናገር ችሎታን መቅጣት የተለመደ በደል ነው።

7. መደምደሚያ

ትኩረትና ትውስታ መረዳትን ይቀርጻሉ የሚለው አባባል እውነት ነው፤ የጁባ ሁኔታም አያፈርሰውም። የሚያሳየው አባባሉ ግማሽ መሆኑን ነው። ትኩረት የት እንደሚያርፍ፣ ትውስታ ምን እንደሚቋጥርና ምን እንደሚጠብቅ የሚወስነው አድማጩ ያደገበት ቋንቋ ነው። ስለዚህ የአቅም ልክ ከቋንቋ ተነጥሎ ሊሰፈር አይችልም፤ ተነጥሎ ተሰፍሯል በተባለ ጊዜ የሚጠየቀው «በማን ቋንቋ?» የሚል ነው።

በ1928 ከጁባ ብዙ በማይርቀው በሬጃፍ የተሰበሰበው የቋንቋ ጉባኤ ለትምህርት የሚሆኑ ዘጠኝ ቋንቋዎችን መርጦ ፊደላቸውን ለማስተካከል ደከመ። ከጉባኤው ወዲህ በአካባቢው ብዙ ሥራ ተሠርቷል፤ ዲንካ ግን ዛሬም የሚጻፈው ድምፀቱ ሳይመለከት ነው። ያልተጻፈውን የሚሞላው አንባቢው፣ ያልተብራራውን የሚለየው አድማጩ ነው። የአካባቢ ቋንቋዎች ባለሙያዎች ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በማዘጋጀት ለተናጋሪው ያደረጉትን አስተዋጽኦ ለአድማጩም ሊያደርጉለት ይገባል፤ የትኛው ድምፅ ምን እንደሚሸከም የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ይህን ዕውቀት ለነርቭ ሳይንቲስቱና ለፈተና አዘጋጁ ካላቀረቡ፣ ስለ ጁባ ልጅ ጆሮና አእምሮ የሚሰጠው ፍርድ ቋንቋዎቹን ሳያውቁ የሚሰጥ ፍርድ ሆኖ ይቀጥላል።